ስለ ተወሰደችው የወጥ ቤት ወንበር፣ ለወረዳ አሥራ አራት ተመራጭ

ለክቡር ሬይመንድ ኮፓች
የፖርት ዌንዴል ከተማ ምክር ቤት አባልና የወረዳ አሥራ አራት ተመራጭ፣ የበረዶ ጠረጋና የመንገድ መብራት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ዘንድሮም ዕጩ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን እንደ ሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ፣ ደረትዎ፣ በልጅነትዎ በየክረምቱ ያስቸግርዎ የነበረው የግራ ጆሮዎ ሁሉም ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው የመራጩን እጅ ሲጨብጡ በቴሌቪዥን አይቼዎታለሁ፤ አንገትዎ ራቁቱን ነበር። ለገና የሰጠሁዎት ሻርፕ ከዘመቻው ቀለም ጋር አልሄደም መሰለኝ።

ይህን ደብዳቤ በሰፈራችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በማውጣቴ ቅር እንዳይሰኙብኝ እለምናለሁ። እኔስ ጉዳዩን በእሑድ ምሳ ላይ በሹክሹክታ ብጨርሰው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ክቡርነትዎ ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ ለእሑድ ምሳ ጊዜ አጥተዋል፤ ድንች የተሞላው የሊጥ ቅቅል፣ ፒሮጊውም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ወደ ቢሮዎም ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ እጅግ ጨዋ ናት፣ ያሳደጋት ይባረክ። "ወይዘሮ፣ ስምዎን ይንገሩኝ" አለችኝ። "በርናዲን ኮፓች" አልኳት። "ውይ! ከክቡርነታቸው ጋር ዝምድና አለዎት እንዴ?" ብትለኝ፣ "ትንሽ፤ ዘጠኝ ወር አብረን ኖረናል" አልኳት። እሷም መልእክቴን እንደምታደርስ ቃል ገብታ ሙዚቃ ከፍታልኝ ሄደች። ሙዚቃው ጥሩ ነው፤ እስኪያልቅ አዳምጬዋለሁ።

እናት ልጇን አንቱ ማለቷ ለሰሚ ግር እንደሚል አውቃለሁ። ግን ጉዳዬ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ በመንግሥት ጉዳይ ደግሞ እናትነት እንደማይሠራ ያስተማሩኝ ራስዎ ነዎት። ባለፈው መስከረም ስለ ዘመቻው አንድ ነገር ብጠይቅዎ፣ "እማዬ፣ ይኼ ፖለቲካ ነው፤ አንቺ አይገባሽም" ብለውኛል። እውነትዎን ነው። የዚህ ወረዳ ፖለቲካ አባትዎ በሕይወት እስከ ነበሩ ድረስ የተሠራው በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማን ለየትኛው ሥራ እንደሚቀጠር፣ የማን በር እንደሚንኳኳ፣ በገና ዋዜማ የማን ቤት ዶሮ እንደሚላክ የተወሰነው እዚያ ነው፤ እኔ ግን ድንች እየላጥሁ ነበርና ምንም አልሰማሁም።

ጉዳዬ በአጭሩ ይህ ነው። ማክሰኞ ምርጫ ነው። የካርቨር ጎዳና ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወደ ምርጫ ጣቢያ የምንደርስበት መንገድ ተዘግቶብናል፤ የዘጉብንም እርስዎ ነዎት። ዝርዝሩን እንደ ቢሮዎ ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መብራቱ።

በቤቴ ፊት ያለው የመንገድ መብራት ከረዥም እንቅልፉ ነቅቶ በመብራቱ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ካለፈው ምርጫ ማግስት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። እኛ በካርቨር ጎዳና ምርጫ መቅረቡን የምናውቀው በቀን መቁጠሪያ አይደለም፤ መብራት ጠጋኙ መሰላሉን ሲያቆም ነው። ዘንድሮ ግን መብራቱ ብቻ ሳይሆን የጉድጓዱም ጥገና፣ የቆሻሻ በርሜሉም መቀየር በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ተከታተለ፣ ጎረቤቴ ዋንዳ በአጥሯ ላይ ተደግፋ፣ "በርናዲን፣ ልጅሽ ዘንድሮ ፈርቷል ማለት ነው" አለችኝ። እኔም ፈርቶ ሳይሆን ሰፈሩን ናፍቆ ነው ብዬ ተሟገትሁልዎ። "እንግዲያውስ በየዓመቱ ይናፍቀን!" ብላኝ ገባች።

የሚያስፈራው ነገር እንኳ ብዙ አይደለም። ተፎካካሪዎ ወይዘሮ ዴልፊን ታከር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ቤቷ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ገንዘብ የላትም፣ ቢሮ የላትም፣ የምታውቀው ዳኛ የለም። ያላት አንድ አካፋ ብቻ ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር እኔ ከመነሣቴ በፊት የደጄን ደረጃ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። የበረዶ ጠረጋ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወልጄ ደጄን የሚጠርግልኝ ተፎካካሪው መሆኑ፣ ሥራ ሳይበዛብዎ አልቀረም ብዬ በበጎ ተርጉሜዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ተጨነቁት አያቶች።

ባለፈው ወር በየደጃችን አንድ በራሪ ወረቀት ተጥሎ ነበር። ወይዘሮ ዴልፊን ከተመረጠች በደብራችን ምድር ቤት የምንበላውን የዓርብ ዓሣ ጥብስ አዘግታ የደብሩን ግቢ መኪና ማቆሚያ እንደምታደርገው የሚያስጠነቅቅ ሲሆን፣ ከሥሩ "የካርቨር ጎዳና የተጨነቁ አያቶች ማኅበር" ይላል። እኔ የዚህ ጎዳና አያት ነኝና እንዲህ ያለ ማኅበር በመኖሩ ኮራሁ፤ ስብሰባው መቼ እንደ ሆነም ለማወቅ ቤት ለቤት ዞርሁ። ዋንዳ፣ "እኔ የምጨነቀው ለጉልበቴ ነው፤ ማኅበሩ ለጉልበት የሚሆን ነገር ካለው አስመዝግቢኝ" አለች። ሌሎቹም እንደዚሁ ተጨንቀው አገኘኋቸው፣ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ልጅ ልጅ፣ ስለ ድመት፤ ስለ መኪና ማቆሚያ ግን አንዲትም የተጨነቀች የለችም። ዴልፊን ራሷ በየዓርቡ ወገቧን ታጥቃ ዓሣውን የምታገላብጠው እሷ ስለ ሆነች፣ ወረቀቱን አንብባ "ራሴን ላባርር ነው እንዴ?" ብላ እስኪያስላት ሳቀች።

ክቡር ሆይ፣ ውሸት ለመዋሸት እንኳ ሰፈርን ማወቅ ያስፈልጋል። አባትዎ እንዲህ ያለውን ወረቀት ቢያዩ፣ በውሸቱ ሳይሆን በስንፍናው ያዝኑ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርጫ ጣቢያው።

የምርጫ ጣቢያችን ከደብሩ ምድር ቤት አዳራሽ ተነሥቶ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ መዛወሩን የሚያስታውቅ ካርድ ደርሶናል። በእርስዎ ጥያቄ የተደረገ መሆኑን፣ ምክንያቱም የምድር ቤቱ ደረጃ ለአረጋውያን አደገኛ መሆኑ እንደ ሆነ ካርዱ ይገልጻል። ለአጥንታችን ስላሰቡ እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚያው ደረጃ ዓርብ ዓርብ ለዓሣ ስንወርድ ማንም ተሳስቶ ተጠንቀቁ ያለን አልነበረም። ደረጃው ዓሣ ስንበላ አያሰጋም፤ ድምፅ ስንሰጥ ነው የሚያሰጋው። አሁን ከስድስት ደረጃ ድነን፣ በሐዲዱ ድልድይ ሥር አልፈን፣ በረዶ የጋገረበትን ዳገት ወጥተን፣ የዘመቻዎ ገንዘብ ያዥ ወንድም ወደ ከፈተው አዳራሽ መድረስ ብቻ ነው የሚጠበቅብን።

አቶ ሉድቪክን ያስታውሷቸዋል፤ ብረት ፋብሪካው ሳይዘጋ አባትዎ አጠገብ የሠሩት፣ አሁን ባለ ጎማ መደገፊያ እየገፉ የሚሄዱት። አንድም ምርጫ አምልጧቸው አያውቅም። ካርዱን ሳነብላቸው፣ "የት? ማዶ? ማዶ ከሆነስ በቃ፣ ሉድቪክ ዘንድሮ ሞቷል በይልኝ" አሉ። "በባሌ በሌናርድ ዘመን ቢሆንማ ቢሞቱ ይሻልዎ ነበር፤ መምረጥዎ አይቀርም ነበር" ብላቸው፣ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ዓይናቸው እንባ አዘለ። እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

አባትዎን መልአክ አላደርጋቸውም። የዚህ ወረዳ አደራጅ የነበረ ሰው እጁ ንጹሕ ነበር ብል በዚህ ጋዜጣ አንባቢ ፊት ያሳፍረኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸውም ብዙ የሚቆጫቸው ነገር ሳይኖር ነው ያረፉት። በወዳጆቻቸው ዘመን ከመቃብር ሥፍራው ሳይቀር ድምፅ ይመጣ ነበር ተብሎ ታምተዋል፤ እኔ ድንች ስልጥ ነበር። ነገር ግን ወሰን ነበራቸው። በምርጫ ቀን ያችን አሮጌ መኪናቸውን አስነሥተው እግር ያጣውን ሁሉ ያመላልሱ ነበር፤ ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም። ከጥግ ቤት የነበረችው ክላራ በአደባባይ የምትሰድባቸው ሴት ነበረች። እሷንም ክንዷን ይዘው ሲያስገቡ ጓደኛቸው፣ "ሌናርድ፣ አብደሃል? እኛን ልትጥል የምትሄድ ሴትዮ ታደርሳለህ?" ቢላቸው፣ "ድምፁ የሷ ነው፤ መኪናው የኛ ነው" አሉት። ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያን ዕለት ድንች አልነበረም።

የአባትዎ ወዳጆች ሙታንን ያስመርጡ ነበር ተባሉ። ክቡርነትዎ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደው ሕያዋን እንዳይመርጡ አደረጉ። ይህን የመሰለ እድገት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሁለት ትውልድ ማየት ለእናት ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ስለ ወንበሯ።

አሁን ወደ መጣሁበት ደረስሁ። በዚህ ሰፈር በረዶ ሲጥል ሰው አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ ከደጁ ፊት መኪና ማቆሚያውን ቆፍሮ ያጸዳል፤ ሲሄድ በቦታው ወንበር ያቆማል። ያ ቦታ በረዶው እስኪቀልጥ የሱ ነው። ይህ በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም፤ የተጻፈውን ሕግ ሁሉ የሚጥሱት ግን ይህን አይጥሱም። ባንክ ዘርፎ የሚሮጥ ሌባ እንኳ ወንበር ቢያይ ዞሮ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። እርስዎ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግዎትም፤ መቆምም መሄድም የተማሩት በዚህ በረዶ ላይ ነው።

እኔ መኪና መንዳት ከተውሁ ቆየሁ። ዘንድሮ ግን ቦታ ያዝሁ፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። ምርጫ ጣቢያው ማዶ መሄዱን ስንሰማ፣ ደብራችን ማክሰኞ ዕለት እኛን የሚያመላልስ ሚኒባስ ሊልክልን ተስማማ። ሚኒባሱ አቶ ሉድቪክን የመሰለ ሰው የሚወጣበት መወጣጫ አለው፤ መወጣጫው ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ግን ሰፊ ጥርግ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ጎረቤቶቼ በቤቴ ፊት ቆፈሩ። እኔም ቦታውን ትጠብቅልኝ ብዬ የአባትዎን ወንበር አወጣሁ፤ ያችን መቀመጫዋ ቀይ የሆነውን፣ አንድ እግሯ በፕላስተር የተጠቀለለውን፣ በየማለዳው ጫማቸውን ያስሩባት የነበረችውን። ክቡርነትዎም ያውቋታል። የመጀመሪያ ንግግርዎን ያደረጉት በእሷ ላይ ቆመው ነው። የክፍል አለቃ ካደረጋችሁኝ ለሁላችሁም አይስክሬም ብለው ምለዋል። ተመረጡ፤ ያን ዕለት በወጥ ቤቴ ሆና የሰማችዎት ዋንዳ እስከ ዛሬ አይስክሬሙን እየጠበቀች ነው።

ቅዳሜ ጧት የኮሚቴዎ መኪና መጣ። ዋንዳ ቦታ የያዘችበትን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ጫነ፣ የዴልፊንን የፕላስቲክ ወንበር ጫነ፣ ከጎዳናው ጫፍ እስከ ጫፍ የቆመውን ሁሉ ለቀመ። ለምን የእኛን ጎዳና ብቻ እንደ መረጠ የጠየቀ ካለ፣ በየመስኮቱ የተለጠፈውን የዴልፊንን ፖስተር ይመልከት። በመላው ጎዳና የእርስዎ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት አንድ መስኮት ብቻ ነበር፤ እሱም የኔ ነው። በሱ ተማምኜ በነጠላ ጫማ ወጣሁና ሠራተኛውን፣ "ልጄ፣ ያቺን ተዋት" አልኩት። "እማማ፣ ጎዳናውን በሙሉ ነው የተባልነው" አለኝ። "ማን ነው ያለህ?" ስለው "ከላይ ነው" አለ። "ከላይማ እኔ ነኝ" አልኩት፤ አልገባውም። ወንበሯን ወርውሮ ጫናት። ወዲያው ደግሞ ክረምቱን በሙሉ ዝር ብሎ የማያውቀው በረዶ ጠራጊ መኪና ደረሰና የመንገዱን በረዶ ሁሉ ገፍቶ እዚያው በጸዳው ቦታ ላይ ከመረው። ጎረቤቶቼ እንደገና ቆፈሩ፤ መኪናው እንደገና መጣ። እንዲህ ያለ ትጋት በዚህ ጎዳና ታይቶ አይታወቅም።

መጋረጃዬን ዘግቼ አለቀስሁ፤ ይህን አልደብቅዎትም። የተናደድሁት በበረዶው አይደለም። ቢሮዎ ለዚህ ጋዜጣ በሰጠው መልስ የተነሡት "ባለቤት አልባ ቁሳቁሶች" ናቸው ብሏል። ያቺ ወንበር ባለቤቷ ሞቶባታል እንጂ ባለቤት አልባ አይደለችም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ክቡርነትዎ የዴልፊንን ድምፅ ሊያስቀሩ ሲንጠራሩ ከብብትዎ ምን እንደ ወደቀ ልብ ብለዋል ብዬ አላስብም። በመስኮቴ የነበረው ፎቶግራፍዎ አሁን ምድር ቤት ነው፤ ነፋስ በሚያስገባው ቀዳዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጥሩ ይከላከላል። ፊትዎ ወደ ድንቹ ዞሯል።

አምስተኛ ቁጥር የለኝም። አራተኛው ይበቃኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች በወጥ ቤቴ ተሰበሰቡ። ዴልፊንም መጥታ ነበር፤ ዕጩ መራጮች የሚመክሩትን መስማት የለባትም ብለን ፒሮጊ በሳህን ሰጥተን ሸኘናት። እርስዎ ያልበሉት ስለ ሆነ ብዙ ነበር። ከዚያ ዋንዳ፣ "ሚኒባሱ ካልቆመ በእግር ነው እንግዲህ፤ እኔ ግን እስከ ድልድዩ ሦስት ጊዜ ካልተቀመጥሁ አልደርስም" አለች። "ታዲያ ተቀመጪያ!" አሏት አቶ ሉድቪክ። "በምን ላይ?" ብትል፣ ሁሉም የተቀመጠበትን ወንበር ወደ ታች ተመለከተ።

ስለዚህ ማክሰኞ ከደብሩ በር ጀምሮ፣ በድልድዩ ሥር አልፎ፣ እስከ ቦውሊንግ አዳራሹ ደጃፍ ድረስ በእግረኛው መንገድ ላይ የወጥ ቤት ወንበሮች ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ቤት ያለውን ያወጣል። ሰው ጥቂት ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይነሣል፤ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። አቶ ሉድቪክ መሞታቸውን ትተውታል፤ "ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስገፋ ኖሬ ዳገት ሊገፋኝ ነው?" እያሉ ከትላንት ጀምሮ በኮሪደራቸው ይለማመዳሉ። የኮሚቴዎ መኪና መጥቶ ወንበሮቹን ቢለቅም አንቃወምም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመን እናሳውቃለን፤ በዚህ ጊዜ ባለቤት አልባ ወንበር አይገኝም፤ በእያንዳንዱ ላይ ባለቤቱ ተቀምጦበታል።

ስለ መብራቱ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ተላከልን ጭንቀት ሁሉ ከልብ እያመሰገንሁ፣ የምክር ቤት ዘመንዎ ሕዝቡ የፈቀደውን ያህል እንዲረዝም እመኛለሁ።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣
የመብራትዎ ተጠቃሚ፣ የማኅበርዎ ተጨናቂ አያት፣ ፖለቲካ የማይገባት፣
በርናዲን ኮፓች
የሟች ሌናርድ ኮፓች ባለቤት፣ ካርቨር ጎዳና

ከደብዳቤው በኋላ የታወሰኝ፦ ሬይ፣ ልጄ፣ አንቱታው እዚህ ላይ ደከመኝ። ማክሰኞ ጧት የመጀመሪያዋ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ከደብሩ በር አጠገብ። መኪናውን የምትልክ ከሆነ ሹፌሩ ቀስ ብሎ እንዲያነሣኝ ንገረው፤ ዳሌዬን ታውቀዋለህ። ራስህ የምትመጣ ከሆነ ግን የአባትህን ወንበር ይዘህ ና፣ ሻርፕህንም አድርግ፤ ክንድህን ይዤ እስከ ማዶ እሄዳለሁ። በመንገድ ላይ የፈለግኸውን አጫውተኝ። ማንን እንደምመርጥ ብቻ እንዳትጠይቀኝ። ክንዱ ያንተ ነው፤ ድምፁ የኔ ነው።